ጉጉት ያለበት ካርቶን

ሎረል ውስጥ ቀን የሚተኛ ሰው ብዙ ነው። ከተማዋ በዋሽንግተንና በባልቲሞር መካከል ስለተቀመጠች ለሁለቱም የሌሊት ፈረቃ ትመቻለች። ዋሽንግተን መሀል መኪና ማቆሚያ የሚጠብቀው፣ ባልቲሞር አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚያወርደው፣ ሆስፒታል በሽተኛ እያገላበጠ የሚያድረው፣ ሁሉም ጎኑን የሚያሳርፈው እዚህ ነው። የሲልቨር ስፕሪንግ ኪራይ የከበደው አበሻም በ29 ወይም በ95 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን ገፋ ገፋ ሲል የሚደርሰው እኛው ዘንድ ነው። የአፓርታማችን ደረጃ ላይ ጠዋት ጠዋት ሁለት ዓይነት ሰው ይተላለፋል፤ አንዱ ቡናውን ይዞ የሚወርድ፣ ሌላው ዓይኑን እያሸ የሚወጣ። የሚወርደው «እንደምን አደርክ» ሲል የሚወጣው «ደህና እደር» ብሎት ያልፋል። ማንም አይስቅም።

አጎቴ ከሚወጡት ወገን ናቸው። ጋሼ ማታ ወጥተው ጎህ ሲቀድ ይመለሳሉ፤ ቁርሳቸውን ቀማምሰው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ይተኛሉ። እንቅልፋቸው በዘመድ ሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ከሰፈራችን ብዙም ሳይርቅ የባቡር ሐዲድ ያልፋል። የካምደን መስመር የመንገደኞች ባቡር ይመላለስበታል፤ የሲኤስኤክስ የጭነት ባቡርም ጥሩምባውን እየነፋ፣ ማለቂያ የሌለው ፉርጎውን እየጎተተ ያልፍበታል። ጋሼ አንድም ቀን ባቡር ሰማሁ ብለው አያውቁም። እሳቸውን የምትቀሰቅሳቸው በልጃቸው ኮምፒውተር ውስጥ ያለች፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ፋን ናት።

ነገሩ መጀመሪያ ላይ ለማናችንም አልገባንም ነበር። እትዬ ባለቤታቸው «ሰበብ ነው፤ ልጁ ጨዋታ እንዲተውላቸው ነው» ይሉ ነበር። እኔ አንድ ቅዳሜ ሳሎን ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ ግን ጋሼ እውነታቸውን እንደሆነ ተረዳሁ። ባቡሩ ከሩቅ እየተሰማ ይመጣል፣ ያልፋል፣ አለቀ። ፋኗ ግን ጸጥ ብላ ትቆይና ልጁ አንድ ነገር ሲከፍት እዝዝዝ ብላ ትነሣለች፤ ምን ሆነች ብለህ ቀና ሳትል ትወርዳለች፤ ወረደች ብለህ ስትተኛ ትነሣለች። ጆሮ የለመደውን ድምፅ ይተወዋል፤ የሚለዋወጠውን ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። እንቅልፍ የሚነሣው የድምፁ ጉልበት ሳይሆን መውጣት መውረዱ ነው። ለዚያውም ኮምፒውተሯ የተቀመጠችው ጋሼ ራሳቸውን ከሚያስደግፉበት ግድግዳ ጀርባ ነው፤ የአሜሪካ አፓርታማ ግድግዳ ደግሞ ምን ያህል ምስጢር እንደሚጠብቅ የኖረበት ያውቀዋል።

ኮምፒውተሯ ትንሽ ናት። ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነገር ሁሉ ትንሽ መሆን አለበት፤ ትልቁን ቦታ ረከቦቱ፣ ቴሌቪዥኑና ከአገር ቤት የሚመጣው እንግዳ ይዘውታል። ማዘርቦርዷ ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለው ዓይነት ነው፤ የታይዋኑ ቪያ ኩባንያ በፈረንጆች 2001 ያወጣው ልክ፣ ወርዱም ቁመቱም 17 ሴንቲ ሜትር። በዚያች ስፋት ላይ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ዲስኩና የዋይፋይ ካርዱ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይኖራሉ። ፕሮሰሰሩ የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ጂ ነው፤ በ2021 የወጣ፣ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የማይጠይቅ። አብራው የምትመጣ የራሱ ማቀዝቀዣ አለችው፤ ክብ የአሉሚኒየም ክንፍ፣ አናቷ ላይ ፋን። በነፃ የመጣች ናትና የሚያማት የለም፤ ቀን የሚተኛ ሰው ቤት እስክትገባ ድረስ።

ከዚያች ትንሽ ነገር ይህን ያህል ሙቀት እንዴት ይወጣል ብለው እትዬ ሲጠይቁኝ በምጣዳቸው ነው ያስረዳኋቸው። እዚህ አገር ብዙው አበሻ እንጀራ የሚጋግርበት ሄሪቴጅ ግሪል የሚባለው ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለእኛ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ቤታኒ የተባለ የአዮዋ ኩባንያ ሌፍሴ ለሚባል የኖርዌይ ስስ ቂጣ ያወጣው ነው፤ እኛ አገኘነውና ወረስነው። ምጣዱ 16 ኢንች ስፋት ኖሮት ወደ 1,400 ዋት ይበላል። ለጠቅላላው ገበታ ሲካፈል ለአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው 1 ዋት ከምናምን ነው። የልጁ ፕሮሰሰር የተሰጠው ልክ 65 ዋት ነው፤ ነገር ግን ያ ሁሉ የሚወጣው ሁለት ካሬ ሴንቲ ሜትር ከማትሞላ የሲሊከን ቁራጭ ነው። በካሬ ሴንቲ ሜትር 36 ዋት! ከምጣዱ ሠላሳ እጥፍ መሆኑ ነው። እትዬ እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ።

«እና ቤቱን ያቃጥልብኛላ?»

አያቃጥልም። ድሮ ድሮ ለፕሮሰሰሩ ያሰጋው ነበር። በ2001 ቶምስ ሃርድዌር የሚባለው የኮምፒውተር ድረ ገጽ እየሠሩ ያሉ ፕሮሰሰሮችን ማቀዝቀዣ ከላያቸው አንሥቶ በቪዲዮ አሳይቶ ነበር፤ የኤኤምዲ አትሎን ወዲያው ጭሶ ሲሞት፣ የኢንቴል ፔንቲየም 4 ግን ፍጥነቱን ቀንሶ ነፍሱን አተረፈ። ዛሬ ሁሉም ያንን ጥበብ ተምሯል። የልጁ ፕሮሰሰር 95 ዲግሪ ሲደርስ በራሱ ጊዜ ዝግ ይላል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን ላስታወሰ፣ ይህ ፕሮሰሰር ጀበና ገንፍሎ ከወጣም በኋላ ቁጭ ብሎ ሒሳብ የሚሠራ ፍጡር ነው። ስለዚህ ማሽኗ ማቀዝቀዣ ቀይሩልኝ ብላ አልለመነችም። የለመነው የሰው ጆሮ ነው። ሌላ ማቀዝቀዣ ከሚገዛው ሰው አብዛኛው «ለፕሮሰሰሩ አስቤ ነው» ይላል፤ እኔ አላምነውም። የሚገዛው ዝምታ ነው፤ ዝምታ ገዛሁ ማለት ስለሚያሳፍር ነው ዲግሪ የሚቆጥረው።

ልጁ በመጀመሪያ የተመኘው በውኃ የሚቀዘቅዘውን ነበር፤ ባለ ቱቦ፣ ባለ ራዲያተር፣ ቀይና ሰማያዊ የሚያበራውን። ጋሼ ከአልጋቸው ሳይነሡ ከለከሉ። ጋሼ አዲስ አበባ ሳሉ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ከመኪና ሁሉ የሚወዱት ደግሞ ቮልስ ነበር። ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ክንፉና አየሩ ነው። «እንጦጦን ሲወጣ ላንድክሩዘር ቆሞ ውኃ ሲለምን ቮልስ እያለፈው ይሄድ ነበር» አሉ ከብርድ ልብሱ ውስጥ። «ውኃ ያለበት ነገር አንድ ቀን ይፈሳል። እኔ ቤት ኤሌክትሪክ ላይ ውኃ አይወጣም።» ልጁ አልተከራከረም፤ ላንድክሩዘር የሚባለውንም ቮልስ የሚባለውንም እንጦጦ ላይ አላያቸውም።

አሌክሳንድሪያ ያለው ዘመዳችን በስልክ ያመጣው ሐሳብ ሌላ ነው። እሱ ዕቃ ሲገዛ ትልቁን ነው። ኤንኤች ዲ15 የሚሉትን ካልገዛችሁ ሞቼ እገኛለሁ አለ፤ ሁለት ፋን ያለው፣ 16 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚቆም፣ ከ1 ኪሎ ከ300 ግራም በላይ የሚመዝን ማማ። የልጁ ኮምፒውተር ቀፎ ውስጥ ከፕሮሰሰሩ እስከ ክዳኑ ስድስት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህን ስንነግረው «ታዲያ ክዳኑን ክፍት ተዉት» አለ። ቡና በቀን ሦስቴ በሚፈላበት፣ ፈንዲሻ እንደ ልብ በሚበተንበት ሳሎን ክዳኑ ክፍት ኮምፒውተር ውስጥ ምን ምን ሊገባ እንደሚችል ለመዘርዘር ጊዜ አልነበረንም፤ «እናስብበታለን» ብለን ዘጋን።

ለእንዲህ ያለ ጠባብ ቀፎ የሚሆነው አጭሩ ነው። የአጭሩ ጥቅም መግባቱ ብቻ አይደለም። አሮጌዋ ማቀዝቀዣ ከክዳኑ ጋር ልትሳሳም ምንም አልቀራትም ነበር፤ ፋን ደግሞ አየር የሚስብበት አፉ ላይ ወንፊት ሲጠጋበት ያፏጫል። 37 ሚሊ ሜትር የምትቆም ማቀዝቀዣ ብናስገባ ከላይዋ ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ መተንፈሻ ታገኛለች። ድምፅ ለመቀነስ ጉልበት ከመጨመር ቦታ መስጠት ይበጃል፤ ይህን ያህል ቀላል ነገር ሻጮች ለምን በካርቶኑ ላይ በትልቁ እንደማይጽፉት አይገባኝም።

ለመግዛት ወደ ሮክቪል፣ ማይክሮ ሴንተር ወደሚባለው የኮምፒውተር ዕቃ መደብር ሄድን። ከሎረል እዚያ ድረስ አይሲሲ የሚባለው የክፍያ መንገድ ቀጥ ብሎ ይወስዳል። ጋሼ ግን አስፋልት ላይ ለመሄድ ገንዘብ መክፈልን እንደ ውርደት ስለሚቆጥሩት 495 ቁጥር መንገድ ላይ ተሰልፈን፣ የቆጠብነውን በቤንዚን እየከፈልን ደረስን። ዋጋው ወደ 50 ዶላር ነበር። ጋሼ ዕቃውን በእጃቸው መዝነው፣ ገልብጠው፣ ክንፎቹን በጥፍራቸው ደርድረው «ሥራው ጥሩ ነው» አሉ። ቀለሙን ሲያዩ ግን ዝም አሉ። ፋኗ ቡኒ ናት፣ ቀፎዋ ደግሞ ወተት የበዛበት ማኪያቶ። የኦስትሪያው ኖክቱዋ ኩባንያ ይህን ቀለም የራሱ መታወቂያ አድርጎት ይኖራል፤ ሌላው በመብራት ሲያጌጥ እሱ በዚሁ ጸንቷል። ልጁ ተሸማቆ «ጥቁርም አለው እኮ» አለ። ጥቁሩ ዋጋው ከፍ ይላል። ቡኒውን ያዝን።

ችግሩ የተነሣው ቤት ስንደርስ ነው። የኩባንያው ምልክት ጉጉት ናት። ጉጉት ስትበር ክንፏ ድምፅ አያሰማም፤ ዝም ለሚል ፋን ከዚህ የተሻለ ምልክት ፈልጎ የሚያገኝ ያለ አይመስለኝም። እትዬ ግን ያደጉት ጉጉት ጣሪያ ላይ ከጮኸች አንድ ሰው ይሞታል በሚባልበት አገር ነው።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«የፋኑ ድርጅት ማርክ ናት፣ እማዬ።»

«ጉጉት ናት።»

«አዎ፣ ግን...»

«ጉጉት ያለበት ዕቃ እኔ ቤት አያድርም።»

ካርቶኑ መኪና ውስጥ አደረ። በማግሥቱ እቃው ወጥቶ፣ ካርቶኑ ተጣጥፎ ወደ ቆሻሻ ሲሄድ ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር፤ ፋኗ እምብርት ላይ ሌላ ጉጉት ተለጥፋ ተገኘች። እሷን መላጥ ዋስትናውን ያበላሻል ብሎ ልጁ ማለ። በመጨረሻ ክዳኑ ሲዘጋ አትታይም በሚል ስምምነት ላይ ተደረሰ፤ እትዬም ጸበል ረጨት አደርጋለሁ ሲሉ ኤሌክትሪክ ያለበት ላይ እንደማይሆን ጋሼ ቀድመው ስላወጁት መስቀል ብቻ አስነኩት።

ዘንድሮ ጥምቀትና የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን አንድ ሰኞ ላይ ዋሉ፤ በእኛ ጥር 11 ቀን 2018፣ በእነሱ ጃንዋሪ 19 ቀን 2026። ሁሉም ሰው ዕረፍት ነው፤ ጋሼም ያን ቀን ሌሊት አይገቡም። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ የመጣው ዘመድ ሳሎኑን ሞላው። ማቀዝቀዣዋ የምትገጠመው ያን ቀን ካልሆነ መቼም እንዳልሆነ ግልጽ ነበር። እትዬ «በጥምቀት ሥራ አይሠራም» አሉ። ልጁ «ጌም ነው እንጂ ሥራ አይደለም» ሲል፣ ጋሼ ካቻቪቴውን እየፈለጉ «ብሎን ማጥበቅ ሥራ የሚሆነው ሲከፈልበት ነው» ብለው ደመደሙ።

ጥር ወር እዚህ አገር የሚነዝር ወር ነው። ማሞቂያው አየሩን ያደርቀዋል፤ ምንጣፍ ላይ ተንፏቆ የተነሣ ሁሉ የበር እጀታ ሲነካ ቻ ይላል። ለሰው ቀልድ የሆነችው ያቺ ብልጭታ ለማዘርቦርድ መቅሠፍት ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ልጁ ፍሊስ ሹራቡን አወለቀ፤ ከመጀመሩ በፊትም የኮምፒውተሩን ብረት እየነካ ራሱን አራገፈ። ጋሼ ጋቢያቸውን እንዲያወልቁ ቢጠየቁ «ጥጥ ነው፤ ጥጥ አይነዝርም» ብለው እምቢ አሉ። ሙሉ በሙሉ ልክ ባይሆኑም ከፍሊሱ ይልቅ ለእሳቸው እፈርድላቸዋለሁ።

አሮጌዋን ማንሣት ከአዲሷ መግጠም ይከብዳል። እንዲህ ባሉት የኤኤምዲ ማዘርቦርዶች ላይ የፕሮሰሰሩ እግሮች ራሱ ፕሮሰሰሩ ላይ ናቸው፤ 1,331 የወርቅ ቅብ መርፌዎች። ሶኬቱ እግሮቹን ይይዛቸዋል እንጂ ከላይ የሚጫን ክዳን የለውም። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣዋ መካከል ያለው ቴርማል ፔስት ሲደርቅ ሙጫ ይሆናል፤ ማቀዝቀዣዋን ቀጥ አድርጎ የሳባት ሰው ፕሮሰሰሩን ከነእግሩ መንግሎ ያወጣዋል፤ አንዳንዱ መርፌ ይጎብጣል፣ አንዳንዱም ይቀራል። መድኃኒቱ መጀመሪያ ማሽኗን ማሞቅ ነው፤ ፔስቱ ሲላላ ማቀዝቀዣዋን ግራ ቀኝ እያወዛወዙ ማላቀቅ። ልጁ ለማሞቅ ተብሎ ጨዋታ እንዲጫወት ታዘዘ። በሕይወቱ አባቱ «ተጫወት» ሲሉት የመጀመሪያው መሆን አለበት፤ ከደስታው ብዛት የተነሣ «ገና አልሞቀም» እያለ ሰዓቱን አራዘመው።

ማሽኗ ጠፍታ፣ ማዘርቦርዱ ከቀፎው ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲሆን ሳሎኑ ሁሉ ቆሞ ከበበው። አራቱ ብሎኖች ሲፈቱ ከጀርባ ያለችው የብረት ሳህን የሚይዛት ስለማይኖር ትወድቃለች፤ ጋሼ ማንም ሳይነግራቸው መዳፋቸውን ከሥር አስገብተው ጠበቋት፤ ወደቀች፣ ተቀበሏት። ልጁ ማቀዝቀዣዋን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ግራ፣ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ጠመዘዛት። ከኋላ አንዱ እንግዳ «ሳበው! ሳበው እንጂ!» ሲል ጋሼ ዞረው አንድ ጊዜ ብቻ አዩት። ጪክ ብላ ለቀቀች። ፕሮሰሰሩ እሶኬቱ ላይ ቁጭ እንዳለ ነው። እልልታ ተሰማ፤ ከሕዝቡ ውስጥ ምን እንደተደረገ የገባው ከሁለት ሰው አይበልጥም።

ከዚያ ማጽዳት መጣ። የደረቀውን ፔስት የሚያነሣው አይሶፕሮፒል አልኮል ነው፤ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው 91 በመቶው ይሻላል። ጋሼ ከቁም ሣጥን አንድ ጠርሙስ ካቲካላ አወጡ። «ይሄ ምን ያቅተዋል? ጉሮሮ ያጸዳ ብረት አያጸዳም?» ካቲካላ ግማሹ ውኃ ነው፤ ይህን ለማስረዳት የተሞከረው ሙከራ ሁሉ ጠርሙሱ ለእንግዶቹ በመቀዳቱ ተቋጨ። ጨርቅም ሌላ ጣጣ ነበር። አዋቂዎቹ ብናኝ የማይተወው የቡና ማጣሪያ ወረቀት ነው ይላሉ። በዚህ ቤት ቡና የማይፈላበት ቀን የለም፤ የቡና ማጣሪያ ወረቀት ግን ገብቶ አያውቅም። የእትዬ መነጽር መጥረጊያ ሠራው።

ፔስቱ ላይ ሲደረስ ሁሉም ሰው ባለሙያ ሆነ። ፔስቱ የሚያስፈልገው ሁለቱ ብረቶች ለዓይን ለስላሳ ቢመስሉም በመካከላቸው አየር የሚይዝ ሸካራነት ስላላቸው ነው። መዳብ ሙቀትን ከአየር 15 ሺህ እጥፍ ያህል ያስተላልፋል፤ ፔስቱ አየሩን ያስወጣል እንጂ እሱ ራሱ ከመዳብ አጠገብ ሲቆም ሰነፍ ነው። ስለዚህ መሳሳት አለበት፤ መሀል ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ጠብታ፣ በቃ። ልጁ ያችን ጠብታ አደረገ። ሳሎኑ አጉረመረመ። «ይቺ ናት?» «ጨምርበት እንጂ፣ ምን ትሰስታለህ?» «ለሰው የማትበቃ!» የእኛ ሰው በእጁ የያዘውን ጥቂት አድርጎ ማቅረብ ነውር ስለሚመስለው ፕሮሰሰርንም ያለ ልመና አይለቀውም። ልጁ የፔስቱን መርፌ ቶሎ ከድኖ ኪሱ ከተተው። ቢበዛም ከዳር ዳር ከመትረፍና ከማቆሸሽ ያለፈ ብዙ ጉዳት የለውም፤ ግን ያን ያህል ሕዝብ ፊት መሸነፍ የለበትም ነበር።

በዚህ መሀል እትዬ ዶሮ ወጥ ይዘው መጡ። ልጁ እጁን እንዳያቆሽሽ የላስቲክ ጓንት አጥልቋል፤ ቅቤ የነካው ጣት ደግሞ እዚያ አካባቢ አይደርስም። ስለዚህ ጎንበስ እንዳለ፣ ዓይኑ ከቦርዱ ሳይነሣ፣ በጎን በኩል ተጎረሰ። አንድ፤ ከዚያ «አንድ ያጣላል» ተብሎ ሁለት፤ ከዚያ ሦስት። ሦስተኛዋን እያኘከ ነው አዲሷን ማቀዝቀዣ በጀርባዋ ጠረጴዛው ላይ ያስተኛት። ጋሼ ወደ መሠረቷ ጎንበስ ብለው መሸፈኛዋ መነሣቱን በጣታቸው ሳይነኩ አረጋገጡ፤ ያችን መሸፈኛ ሳያነሣ አስሮ ኮምፒውተሩ ለምን ጋለ የሚል ሰው በዓለም ላይ ሞልቷል።

እንዲህ ያሉ አጫጭር ማቀዝቀዣዎች የሚታሰሩት ከጀርባ ነው። ማዘርቦርዱ በግንባሩ ተደፍቶ ማቀዝቀዣዋ ላይ ይወርዳል፤ አራቱ ቀዳዳዎች አራቱን ምሰሶዎች ሳያዩ ማግኘት አለባቸው። አንዴ ፔስቱን ከነካ በኋላ ማንሣት የለም። ልጁ ከጎን እየተመለከተ «ትንሽ ወደ ግራ... ትንሽ ወደ እኔ...» ሲል ጋሼ በሁለት እጃቸው አወረዱት። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። የጀርባዋ ሳህን ተቀመጠች፤ ካቻቪቴው ተሰጣቸው። ልጁ መመሪያውን ሊያነብላቸው ሲጀምር እሳቸው የመጀመሪያውን ብሎን ሁለት ዙር አዙረው፣ በአግድም ወደ ማዶው ተሻግረው፣ ሁለት ዙር፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው፣ ከዚያ በአግድም ወደ አራተኛው አልፈው ነበር። መመሪያው የሚለውም ይህንኑ ነው። አንዱን ጎን ቀድሞ ያጠበቀ ሰው ሌላውን ጎን ያነሣል፤ ፔስቱ ወደ አንድ ወገን ይገፋል፤ ፕሮሰሰሮች የብረት ቆብ ባልነበራቸው በአትሎን ዘመን ደግሞ የሲሊከኑ ጥግ ፍርክስ ይል ነበር። ጋሼ አትሎንን አያውቁም። የሞተር ቴስታታ ሲዘጉ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ነው። ብሎኑ አልዞርም ሲል አቆሙ፤ «ሲበቃው ይነግርሃል» አሉ ለልጃቸው። ልጁ መመሪያውን አጠፈው።

ተገጠመ፣ ተሰካ፣ በራ። ጸጥ አለ። ሁሉም ጆሮውን ሰጠ። ያን ጊዜ ነው ልጁ ስልኩ ላይ የማቀዝቀዣዋን ሥዕል ከፍቶ ከመሠረቷ ወደ ክንፎቿ የሚሄዱትን የመዳብ ቱቦዎች ለአባቱ ማሳየት የጀመረው። ቱቦዎቹ ድፍን አይደሉም፤ ውስጣቸው አየሩ የወጣለትና ጥቂት ፈሳሽ ያለበት ነው። ፈሳሹ በፕሮሰሰሩ በኩል ተንኖ ወደ ክንፎቹ ይሄዳል፣ እዚያ ሙቀቱን ጥሎ ይጤዛል፣ በቱቦው ግድግዳ ተስቦ ይመለሳል።

«ምን ዓይነት ፈሳሽ?» አሉ ጋሼ።

ልጁ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ቡናው አየሁ።

«ውኃ ነው፣ አባዬ።»

ጋሼ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ብዙ ነው?» ሲሉ ጥቂት ጠብታ እንደሆነና በሁለት በኩል እንደታሸገ ተነገራቸው። «እንግዲህ የታሸገ ከሆነ...» ብለው ተዉት። ግን ለሳምንታት ያህል ከሥራ ሲመለሱ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው ነው የሚገቡት።

እውነቱን ለመናገር ሙቀቱ ብዙም አልተለወጠም። አጭር ማቀዝቀዣ ተአምር አይሠራም። የተለወጠው ድምፁ ነው፤ እሱም ቢሆን በማግሥቱ ጠዋት ጋሼ «አሁንም ትነሣለች» ብለው ነቅተው ነበር። ግማሹ ሥራ ያለ ካቻቪቴ የሚሠራ ስለሆነ ነው። ማዘርቦርዱ ፋኗን የሚያዝዛት ሙቀቱን እያየ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ደግሞ ድንጉጥ ተደርጎ ነው የሚወጣው፤ ፕሮሰሰሩ ለአንድ አፍታ ሞቅ ሲል ፋኗን ያስጮሃታል። ባዮስ በሚባለው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ እስከ 60 ዲግሪ ድረስ ፍጥነቷ እንዳይለወጥ፣ ከዚያም በላይ ጥቂት ሰከንድ ታግሣ በዝግታ እንድትወጣ ማዘዝ ይቻላል። ልጁ ይህን አደረገ። አምስት ሳንቲም አላስወጣም። ይህን ቀድሞ ቢሞክር ኖሮ አሮጌዋም ትሻሻል ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ግን ለማን ይነገራል? ካርቶኑ ውስጥ ደግሞ አንዲት ትንሽ ገመድ ነበረች፤ በመሀል ስትሰካ የፋኗን ጣሪያ በደቂቃ ከ2,500 ዙር ወደ 1,800 ታወርደዋለች። ጋሼ «ፍጥነት የሚቀንስ ገመድ ከፍለን ገዛን ማለት ነው?» አሉ፤ ተሰካች፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ፋን አልተናገሩም። አሁን የሚያማርሩት ስለ ፍሪጁ ነው። እስከ ዛሬ ሲጮህ ኖሮ አልሰሙትም ነበር።

አሮጌዋ ማቀዝቀዣ አልተጣለችም። አበሻ ደህና ብረት አይጥልም። በየካቲት ወር ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚበር ዘመድ ተገኘና፣ ከሁለቱ 23፣ 23 ኪሎ ሻንጣዎች በአንደኛው፣ በቪታሚንና በሕፃን ጫማ መሀል በፎጣ ተጠቅልላ አዲስ አበባ ገባች፤ ፋኑ የተሰበረበት የእትዬ እህት ልጅ ነበረ። ልጁ ከዚህ ሆኖ ስልክ ይዞ አስገጠመው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከሎረል በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ያው ፋን እዚያ ሲዞር የሚያገኘው አየር ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ጠንክሮ መዞር አለበት ብሎ ልጁ ለአባቱ ተጨንቆ አስረዳ። ጋሼ ስልኩን ተቀበሉት።

«እህሳ፣ ድምፁ እንዴት ነው? ያስተኛሃል?»

«የምን ድምፅ፣ ጋሼ? ጎረቤታችን ያለው ሆቴል ጄኔሬተሩን ከጠዋት ጀምሮ አላጠፋም። ፋኑ መዞሩን ራሱ የማውቀው ጣቴን ሰድጄ ነው።»

«ጣትህን አውጣ!» አሉ ጋሼ።